ያልፈረምኩበት ታሪክ

የምሠራውን ሥራ ለጎረቤቶቼ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ችዬ አላውቅም። የአእምሮ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና አማካሪዎች የግል ቢሮ ሲከፍቱ፣ ሰው እንዲያውቃቸው፣ ያወቃቸውም ሰው ሳይሸማቀቅ እንዲገባ አደርጋለሁ ስላቸው፣ አንዳንዱ «ደላላ ነሻ» ይለኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በትሕትና ራሱን ነቅንቆ ወሬ ይለውጣል። የተማርኩት የሥራ አመራር ነው። ለረጅም ዓመታት በአንድ የጤና ተቋም አስተዳደር ክፍል ስሠራ፣ ጎበዝ ባለሙያዎች ከቅጥር ወጥተው በግላቸው ሲጀምሩ ባዶ ክፍል ታቅፈው እንደሚቀሩ አስተውል ነበር። ሙያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሰው በየት በኩል ወደ እነርሱ እንደሚመጣ ግን አስበውበት አያውቁም። እኔ ያንን አስብላቸው ጀመር፤ ቆይቶም ቅጥሬን ትቼ በዚሁ መተዳደር ቻልኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ሃያ ሁለት አካባቢ ቢሮ የነበራቸው አንድ አረጋዊ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። የቢሯቸው መግቢያ ከአንድ ኬክ ቤት በረንዳ ፊት ለፊት ነበር፤ ከበሩ በላይም ሙያቸው ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ ተደርጎ በትልልቅ ቀይ ፊደላት ተጽፏል። በእኛ ከተማ ሰው ጥርሱን ሊታከም ሲሄድ ለጎረቤት ተናግሮ ነው፤ እንቅልፍ ስለነሳው ሐሳብ ሊያማክር ሲሄድ ግን ግራና ቀኝ አይቶ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ተመለከትኩ። ሰዎች እስከ በሩ ይመጣሉ፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠውን ሲያዩ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያልፋሉ። ይህን ስነግራቸው ሐኪሙ ቅር አላቸው።

«እኔ የምደበቅ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ።»

«የሚደበቁት እርስዎ አይደሉም፣ ዶክተር። እነሱ ናቸው።»

ካሰቡበት በኋላ ሰሌዳውን አስወረዱ። መግቢያውንም ወደ ሕንፃው ጀርባ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ወዳለበት አዞርነው፤ በዚያ የሚገባ ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር «ፎቶ ኮፒው ደርቷል» እያሉ ይስቃሉ። ሥራዬ በአጭሩ ይኸው ነው፤ የሰውን ገመና ሳይነኩ ሰውን ወደ እርዳታ ማድረስ። በዚህ እኮራ ነበር።

ጓደኛዬ የመጣችው ከዓመታት በኋላ ነው። ጓደኛዬ ስል ቃሉን በቀላሉ አልጠቀምበትም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ሦስት ዓመት በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች፣ ተኝተናል። እኔ ቃል የምቆጥብ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ገና በር ስትከፍት ክፍሉ ሰው የሞላበት የሚመስል ዓይነት ሴት ናት። እሷ ሥነ ልቦና አጠናች። በሕይወቴ ለሌላ ሰው ያልነገርኳቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ሁሉንም የምታውቃቸው እሷ ነበረች። ተቀጥራ ትሠራበት የነበረው ፕሮጀክት ሲዘጋ፣ ገርጂ ውስጥ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ የምክር አገልግሎት ከፈተች። በአራተኛው ወር ደወለችልኝ።

«የሚመጡት ዘመዶቼ ናቸው» አለችኝ። «እነሱም ምሳ ሊጋብዙኝ ነው።»

ለእሷ የሠራሁትን ያህል ለማንም አልሠራሁም። የማረፊያ ክፍሉን ወንበሮች ፊት ለፊት ከመተያየት አዞርኳቸው። በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል የሃያ ደቂቃ ክፍተት አስገባሁ፤ የሚወጣውና የሚገባው ደረጃ ላይ እንዳይገናኙ ብዬ ነው። ስልክ የምታነሳው የአክስቷ ልጅ «የአእምሮ ምክር ነው፣ ማን ልበል?» እያለች ሕንፃውን ሁሉ ታሰማ ነበር፤ «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ብቻ እንድትል አስተማርኳት። ቀጠሮ የሚያስታውሰው አጭር መልእክትም የቢሮውን ስም እንዳይጠቅስ አደረግኩ፤ ስልኩን ባል ወይም አማት ሊያየው ይችላል።

ከዚያ የማስተዋወቁ ነገር መጣ። «እኔ እንደ ሳሙና አልተዋወቅም» ስትለኝ ልክ ነበረች። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ አጭር ቪዲዮ እንድትሠራ፣ በእሱም ስለ ራሷ ሳይሆን የአንድ ሰው ታሪክ እንድትናገር ተስማማን። ታሪኩ እንዴት እንደሚነገር የሚደነግግ የአሥራ አራት ገጽ መመሪያ ጻፍኩላት፤ በኋላም ለሌሎች ደንበኞቼ ሁሉ የሰጠሁት እሱኑ ነው። ታሪኩ የሚነገርለት ደንበኛ አስቀድሞ ቅጽ ላይ ይፈርማል። ዕድሜው፣ ፆታው፣ ሰፈሩና ሥራው ይለወጣል። ቪዲዮው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ከመለቀቁ በፊት እኔ አየዋለሁ። ሌላም ነገር ነበረበት፤ እኔ ራሴ ከልምድ ያገኘሁትና ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ነው። ሁሉን ከለወጥሽ በኋላ አንዲት ትንሽ ነገር እንደነበረች ተዪያት ይላል። ሁሉ ነገሩ የተለወጠ ታሪክ ፈጠራ ፈጠራ ይላል፤ አንዲት እውነተኛ ነገር ስትቀርበት ግን ሰሚው ያምናል። አንድ አባት ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ሻይ በሁለት ብርጭቆ እንደሚቀዱ የተናገረችበት ሳምንት ስልኩ አላቋረጠም። ዓመት ሳይሞላ ለአዲስ ሰው የሚሰጥ ቀጠሮ ጠፋ።

በዚያው ጊዜ እናቴ ከእኔ ጋር፣ እዚያው ገርጂ ባለው የኮንዶሚኒየም ቤቴ ትኖር ነበር። አባታችን ካረፈ በኋላ ታላቅ እህቴ ልውሰዳት ብላ ነበር። እህቴ አያት አካባቢ ግቢ ያለው ቤት አላት፤ ቤቷም ሰው አይጠፋበትም። «አንቺ ሥራ ሥራ ስትዪ ማን ያያታል?» አለችኝ። እኔ ግን እምቢ ብዬ ጸናሁ። ባልም ልጅም የለኝም፤ እናቴን ማኖር ለእኔ የቀረልኝ ድርሻ መስሎ ተሰማኝ። እናቴም እኔን መረጠች። እህቴ በአንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ፤ እናታችንን አንድ ቀን ችላ ያልኳት እንደሆነ ሳትጠይቀኝ እንደምትወስዳት።

እናቴ ሠላሳ ዓመት ያህል አንደኛ ደረጃ ያስተማረች ሴት ናት። የመርሳት ሕመም ሲይዛት የጎረቤቶቿና የልጅ ልጆቿ ስም ጠፋባት፤ ሰዓት ማንበብ ግን አልጠፋባትም። ትረዳት የነበረችው ሠራተኛችን ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ተቀጥራ ሄደች፤ ወር አስቀድማ ነግራን፣ በወጉ ተሰናብታን ነበርና አልተቀየምኳትም። ከእሷ በኋላ የመጣችውን እናቴ «ነጠላዬን ሰረቀችኝ» ብላ አባረረቻት። ቀጥላ የመጣችው በሦስተኛ ቀኗ ራሷ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት እኔ ልብስ እስክለብስ ድረስ እናቴ ወጥታ ጠፋች። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘኋት ታክሲ ተራው ላይ ነው። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ የፋብሪካ ልጆችን ደርድራ «ሰልፍ አስተካክሉ፣ ክንድ ዘርጉ» ትላቸዋለች፤ ልጆቹም እየሳቁ ክንዳቸውን ዘርግተዋል። አንዷ ሙዝ ሰጥታታለች። እኔም ከእነርሱ ጋር ሳቅኩ። ቤት ስንደርስ ግን ተሻግራው የመጣችውን ሰፊ አስፋልት አሰብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአምስት ሳምንት በሩን ከውጭ ቆልፌባት እወጣ ነበር።

ይህን መጻፍ ዛሬም ይከብደኛል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የጋዙን ሲሊንደር ዘግቼ፣ ስለቱን ሁሉ አንስቼ እወጣለሁ። ስድስት ተኩል ላይ የያዝኩትን ሥራ አቋርጬ መጥቼ ምሳ አበላታለሁ፤ ተመልሼ ሄጄ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስመለስ በሩ ሥር ቁጭ ብላ አገኛት ነበር። «አራት ሰዓት ሆነ፤ አምስት ሰዓት ሆነ፤ የት ቆየሽ?» ትለኛለች። ያስጨነቃት ሰዓቱን ስታነብ መዋሏ ነበር። ስለዚህ ከመውጣቴ በፊት የግድግዳውን ሰዓት ድንጋይ አወጣው ጀመር። ሰዓቱ ሁለት ላይ ቆሞ ይውላል። ስመለስ «አሁን አይደል እንዴ የወጣሽው?» ትላለች፤ ፊቷም የተረጋጋ ነው። ማታ ድንጋዩን መልሼ ሰዓቱን አስተካክላለሁ፤ ደክሞኝ የረሳሁባቸው ቀናትም ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጣው እህቴ፣ ይህ ሰዓት ምን ሆኖ ሁልጊዜ እንደሚሳሳት ጠየቀችኝ። ድንጋዩ አልቆ ነው አልኳት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ድንጋይ ገዝታ መጣች።

ለጓደኛዬ የነገርኳት በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሐሙስ ነበር፤ የመጨረሻው ባለቀጠሮ ሄዷል፤ ዝናቡ ስለበረታ ሁለታችንም መውጣት አልቻልንም። ስለሚቀጥለው ወር ዕቅድ እያወራን ሳለ ንግግሬን መሐል ላይ አቋርጬ ነገርኳት። ከጠረጴዛው ኋላ ወጥታ ከጎኔ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አለቀስኩ፤ ሰው ፊት ሳለቅስ የአባቴ ቀብር ላይ እንኳ አልታየሁም። «አንቺ ክፉ ሰው አይደለሽም። ደክሞሻል» አለችኝ። በሳምንቱ መጨረሻ በቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸውን አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ ይዛልኝ መጣች። እሳቸውም ከሰኞ እስከ ዓርብ ከእናቴ ጋር መዋል ጀመሩ፤ እናቴም «ባልደረባዬ» ትላቸው ነበር። በሩ ከዚያ ወዲያ አልተቆለፈም። ይህን የምጽፈው ለእሷ የሚገባውን ላለመንፈግ ነው። ያን ጊዜ ያወጣችኝ እሷ ናት።

ሁለት ወር አለፈ። በየሐሙሱ ለግምገማ የምትልክልኝ ቪዲዮ አንድ ሳምንት ላይ ሳይመጣ ቀረ። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳትም።

እሑድ እህቴ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። ብትለመንም እህል አልቀመስም አለች። እናቴ በረንዳው ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። እህቴ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ ድምፁን ቀንሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ። የጓደኛዬን ፊት አየሁ። ከኋላዋ ያለውን ሰማያዊ መጋረጃ የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ጓደኛዬ በዚያ በለሰለሰ ድምፅዋ ስለ አንድ የባንክ ሠራተኛ ትናገራለች። የተማረ፣ ጥንቁቅ፣ ለሥራው ሟች የሆነ ልጅ ነው። ያረጁ እናቱን በየቀኑ ቆልፎባቸው ይወጣል። የጊዜውን ርዝመት እንዳያውቁበትም የግድግዳውን ሰዓት አቁሞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ዝም ብላ ካሜራውን አየች፤ ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ስንቶቻችን በምንወደው ሰው ላይ ሰዓት እንዳቆምን ጠይቃ ጨረሰች።

«ልጄ ናት የላከችልኝ፤ የአክስቴ ጓደኛ ናት ብላ» አለች እህቴ። «ይሄ የባንክ ሠራተኛ ማነው?»

ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አልኩ።

«ድንጋይ ገዝቼ አመጣሁልሽ እኮ» አለች። ድምፅዋን አላነሳችም። «ጥሩውን ምረጥልኝ፣ ቶሎ የማያልቀውን፣ ብዬ ባለሱቁን አድርቄው።»

አምስት ሳምንት ብቻ መሆኑን ነገርኳት። ምሳ ሰዓት እመጣ እንደነበር፣ ነርሷ ከመጡ ሁለት ወር እንዳለፈ፣ ዛሬ በሩ እንደማይቆለፍ ነገርኳት። ሁሉን አዳመጠችኝ። ከዚያ ስልኩን በጣቷ ነካ አድርጋ «እዚህ ላይ እንዲህ አይልም» አለች። እኔ በራሴ አፍ ከተናገርኩት ይልቅ ያ አጭር ቪዲዮ ታመነ። ሊያስደንቀኝ አይገባም ነበር፤ እንዲታመን አድርጌ ያበጀሁት እኔ ነኝ። ስትወጣ እናቴን ሁለት ጊዜ ሳመቻት፤ እኔን ሳትሰናበተኝ ወረደች።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ባለቀጠሮ ከመግባቱ በፊት ጓደኛዬ ቢሮ ደረስኩ። ልትስመኝ ተነሣች። የመጣሁበትን ስትሰማ የእውነት ደነገጠች፤ ይህን አልክዳትም።

«ማን ያውቃል ብዬ ነው፣ እህቴ። ወንድ አደረግኩሽ፤ ባንክ አስቀጠርኩሽ።»

«ሰዓቱን ተውሽው።»

«ተዪ ያልሽኝ አንቺ ነሻ።»

«ሁሉንም ስታሳዪኝ ይሄን ብቻ አላሳየሽኝም።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። እምቢ ትያለሽ ብዬ ነው ብትለኝ ኖሮ ይቅር የምላት ይመስለኛል። ያለችኝ ግን ሌላ ነው። ፈቃድ አልጠየቅሽኝም ስላት፣ ዞር ብላ አየችኝና፣

«ፈቃድ የሚጠየቅ ደንበኛ ነው» አለች። «አንቺ ደንበኛ አይደለሽም። ጓደኛዬ ነሽ።»

ይህን ያለችው ልታቆስለኝ አልነበረም፤ እንደ ማጽናኛ ነው የተናገረችው። መሳቢያዋን ከፍታ መመሪያዬን አወጣች፤ ገጹንም አሳየችኝ። እውነቷን ነው። ባለሙያ ከደንበኛው የሚሰማውን ሁሉ በጥንቃቄ አጥሬዋለሁ። ከጓደኛው፣ ከእህቱ፣ ዝናብ እስኪያባራ አብሮት ከተቀመጠ ሰው ስለሚሰማው ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። የሚያስፈልግ አልመሰለኝም ነበር። እኔ በተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም የተቀመጡ ሰዎች ፊርማቸው በዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ያልፈረሙትም ምስጢራቸው ተጠብቋል። በዚያ ክፍል ውስጥ ጠባቂ ያልነበረው የእኔ ነገር ብቻ ነው።

ቪዲዮውን እዚያው ፊቴ አጠፋችው። ነገር ግን ሌሎች ቀድተው በየቴሌግራሙ አሰራጭተውት ነበር፤ አንዱ እንዲያውም የክራር ዜማ ጨምሮበታል። በዚያ ሳምንት ደረጃ ላይ ያገኘችኝ ጎረቤቴ ስለዚያ ባንክ ቤት ስለሚሠራ ጨካኝ ልጅ አንስታ «አይ የዘንድሮ ልጅ፣ እንዲህ ያለውን ከመውለድ አለመውለድ ይሻላል» አለችኝ። አዎ አልኳት። ረቡዕ ዕለት ደግሞ የሃያ ሁለቱ አረጋዊ ሐኪም ደወሉልኝ። ቪዲዮውን የልጅ ልጃቸው አሳይታቸው፣ በአሠራሩ የእኔ እጅ እንዳለበት ወዲያው ገብቷቸዋል።

«ሁሉም ደህና ነው፤ ሰዓቷ ግን ትለያለች» አሉኝ። «እሷን ማን አገኛት?»

«እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉኝ።

ቅዳሜ እህቴ ከባሏ ጋር በመኪና መጣች። አልተከራከርኳትም። የማስጠንቀቂያ ቃሏን ላስታውስሽ እንኳ አላለችም። ሊሰናበቷት የመጡት ነርሷ በየመሐሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ ሻንጣ አዘጋጁ፤ ልብሱን በየዓይነቱ አጥፈው፣ የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ጽፈው ለእህቴ ሰጧት። ስለ እኔ ሊመሰክሩልኝ አንድ ሁለት ጊዜ ጀምረው ነበር፤ እህቴ በአክብሮት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለደከሙልን» እያለች አስቆመቻቸው። እናቴ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወርድ ዞር ብላ «ቤቱን አደራ፤ ቶሎ እመለሳለሁ» አለችኝ። በልጅነታችን ወደ ትምህርት ቤቷ ስትወጣ የምትለን ነበር። መኪናው ሲነሣ እጁን ያነሣልኝ የእህቴ ባል ብቻ ነው።

አንድ ወር ያህል ቆይቶ ጓደኛዬ መልእክት ላከችልኝ፤ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ከስታለች። ያን ቪዲዮ ካዩ ሰዎች መካከል እናታቸውን፣ አባታቸውን፣ አንዷ እንዲያውም ባሏን ቆልፈው የሚውሉ እየደወሉ እንደሆነ ነገረችኝ። ከእነርሱ አንዳቸውም ከዚያ በፊት ለማንም ተናግረው አያውቁም። በወር አንድ ቀን በቢሮዋ ልትሰበስባቸው አስባለች። ስብሰባው ምን እንደሚባል፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ሳይሸማቀቁ እንዴት እንደሚገቡ፣ በምን እንደሚጠሩ እንዳደራጅላት ትፈልጋለች። ጥፋቷን ጥፋት ነው አለች፤ ግን እነዚህ ሰዎች ያለዚያ ታሪክ አይመጡም ነበር አለችኝ። አመንኳት። ይበልጥ ያመመኝም ይኸው ነው፤ ቅያሜዬን እንኳ ሙሉውን አልተወችልኝም።

«አንድ ነገር አድርጊልኝ» አልኳት። «እህቴ ጋ ሂጂና ያን ሐሙስ የነገርኩሽን በሙሉ ንገሪያት። ምሳ ሰዓት እመጣ እንደነበር፤ ሠራተኛ ስፈልግ እንዴት እንደባከንኩ፤ እንዴት ሆኜ እንደነገርኩሽ። ከአንቺ አፍ ስትሰማው ታምናለች።»

ማኪያቶዋን ብዙ ጊዜ አማሰለች።

«አልችልም» አለች በመጨረሻ። «የሰው ጉዳይ ለቤተሰቡ ሄጄ መናገር ሙያዬ አይፈቅድልኝም። አንዴ ከጀመርኩት ማቆሚያ የለውም። መመሪያው ላይ ራስሽ ጽፈሽዋል።»

«ደንበኛ አይደለሽም ብለሽኝ ነበር።»

«እሱ ሌላ ነው» አለች።

እስከዚያ ቀን ድረስ ያደረገችውን ስሕተት ነው እለው ነበር። የሚናገር ሰው ይሳሳታል፤ የምትናገረውን ትወድ ነበርና ተሳሳተች እል ነበር። ያን ዕለት ግን ለመናገር ሲመቻት ጓደኛዋ፣ ዝም ለማለት ሲመቻት ደንበኛዋ እንደሆንኩ አየሁ፤ በሁለቱም በኩል የተጠበቀችው እሷ ናት። ስብሰባውን እንደማላደራጅላት ነገርኳት። ሰዎቹ ግን ምንም ስላላጠፉ፣ ሥራውን በደንብ የሚሠራላት የሌላ ባለሙያ ስልክ ጽፌ ሰጠኋት። ስንለያይ እንደ ወትሮው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን፤ ሰውነት የለመደውን በአንድ ቀን አይተውም። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም።

ሥራዬን አልተውኩም። ደንበኞቼ ስለዚያች ተለይታ ስለምትቀር ትንሽ ነገር ሲጠይቁኝ ግን፣ ሁሉንም ለውጡ፣ ሰው ባያምናችሁ ይሻላል እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ አያት እሄዳለሁ። እናቴ ደህና ናት። ፊቷ ሞልቷል፤ ግቢው ውስጥ እንደልቧ ትዞራለች፤ የእህቴን ዶሮዎች እየቆጠረች አንዷ ቀርታለች ብላ ትቆጣለች። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል፤ ያመኛልም። እህቴ እኔንና እናቴን ብቻችንን ትታን አትነሣም። ወጥ ቢያርርባት እንኳ ልጇን ጠርታ ምድጃውን አጥፊ ትላታለች እንጂ ከወንበሯ ንቅንቅ አትልም። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ስለ አየሩና ስለ ታክሲው እናወራለን፤ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፤ ሲመሽ እነሣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እህቴን ስታይ ቆየች። ዕድሜዋን በልጆች ፊት የቆመች ሴት፣ ቅጣት ላይ ያለ ልጅ ከመቶ ሰው መሐል አይጠፋትም።

«ይቺ ልጅ ምን አጥፍታ ነው?» ብላ እህቴን ጠየቀቻት።

ምንም አላጠፋችም ትላታለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ራሷ ትንገርሽ፣ እማዬ» አለች እህቴ።

ነገርኳት። ወደ እናቴ ዞሬ፣ ከፋብሪካ ልጆቹ ሰልፍ ጀምሬ፣ አንዱንም ነገር ሳልለውጥ እንደሆነው ሁሉ ተናገርኩ። የትኛዋ ሠራተኛ መቼ እንደሄደች፣ ቁልፉን የት እይዘው እንደነበር፣ ከገርጂ ወዲያ ቀጠሮ ሲሰጡኝ ምሳ ላይ አልደርስም ብዬ እምቢ እንዳልኩ፣ በሩን ስከፍት ምን እንደምፈራ። እህቴን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። መሐል ላይ፣ የሰዓቱ ነገር ጋ ስደርስ፣ አቆምኩ። እናቴ እጄን አልያዘችም፤ አይዞሽ አላለችኝም። መጽሐፍ ሲያነብ እንደተደናቀፈ ተማሪ ትኩር ብላ አየችኝና «ቀጥይ» አለችኝ።

እህቴ እጇን ዘርግታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰችው። ቀጠልኩ።